«ጠየቀ» እና «ጠየቀ» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። መነኻሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የሠርግ ካርድ፣ የማይመጣ ነገር የለም። ጋዜጣችሁን ሳላቋርጥ እገዛለሁ። አንብቤ ስጨርስ ለደንበኛ ማረፊያ ባስቀመጥኩት አግዳሚ ወንበር ላይ እተወዋለሁ። ጣጣውም የጀመረው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት የምታወጡበትን ዓምድ እወደዋለሁ፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በቅርቡ ያወጣችሁት ግን መጠየቅን፣ መጥራትንና ማዘዝን የተመለከተ ነበር። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። አስክ፣ ጠየቀ። ሪክዌስት፣ ጠየቀ። ዲማንድ፣ ጠየቀ። ሳመን፣ ጠራ። ኢንቫይት፣ ጠራ። ኦርደር፣ አዘዘ። ኮማንድ፣ አዘዘ። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ስህተት ነው አልልም። መዝገበ ቃላት ብትገልጡም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ሰው አንብቦ ይጠቀምበታል እኮ!

የጎረቤቴ ልጅ ከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። እህቷ ዲላ ልታገባ ሆነና የሦስት ቀን ፈቃድ ፈለገች። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆን ነበረበት። በእስክሪብቶ ጽፋው መጣች፣ እኔም እንዳለ ተየብኩት። ሰልፍ ነበር፣ አላነበብኩትም፣ ጣቴ ነው ያነበበው። «አይ ዲማንድ ስሪ ዴይስ ሊቭ» ይላል። ሰውዬው ወረቀቱን እንደያዘ አስጠራትና በአስተርጓሚ «አንቺ ነሽ እኔን የምታዢኝ?» አላት። ልጅቷ ደነገጠች። እሷ እኮ የጠየቀች ነው የመሰላት! ሠርጉ ቅዳሜ ነበር፣ ፈቃዱ የተፈረመው ሰኞ።

ማታ ሱቄ መጥታ «ጋሼ፣ ምን ብዬ ነው የሰደብኩት?» አለችኝ። ቃሉን ከየት አመጣሽው ስላት ከደብተሯ መሃል የጋዜጣችሁን ቁራጭ አወጣች። በጥንቃቄ በመቀስ ቆርጣዋለች። ከእኔው አግዳሚ ላይ መሆኑ ነው።

እንግዲህ «ዲማንድ» ማለት ልመናም ጥያቄም አይደለም። «አምጣ፣ ይገባኛል፣ እምቢ ብትል እንተያያለን» ነው። የሚገርመው ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑ ነው፣ በፈረንሳይኛ ደግሞ ዛሬም እንዲሁ መጠየቅ ማለት ነው። በ1066 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆነ። የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን ተብሎ የታወጀው በ1362 ነው፣ አዋጁ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ ግን ያስቃል። ታዲያ ቃሉ እንግሊዝ ገብቶ ክንዱ ፈረጠመ። ኮማንድም፣ ሪክዌስትም፣ ሳመንም የመጡት በዚያው በር ነው። አስክ የአገሬው ቃል ነው፣ ለዚህም ነው መሰለኝ እቤትም ቢሮም ሲገባ የማይከብደው። እኛም ጋ እኮ አለ። ለመነ የሰፈር ነው፣ ተማጸነ የግዕዝ ካባ የደረበ ነው። ጎረቤቱን ሊጥ ማቡኪያ አውሺኝ ብሎ የሚማጸን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። እኛ ማክበሩንም መናቁንም የምናስቀምጠው ግሱ ጭራ ላይ ነው። አምጣ፣ አምጪ፣ አምጡ፣ ያምጡ። ግሱ አንድ ነው፣ ጭራው ግን ማን ለማን እንደሚናገር ቁጭ አድርጎ ያሳያል። እንግሊዞች ይህ የላቸውም። ዱሮ «ዛው» የሚሉት «አንተ» ነበራቸው፣ ዛሬ ግን ለንጉሡም ለእረኛውም ለድመቷም «ዩ» ነው። ስለዚህ ክብሩን የት ያስቀምጡት? በግሱ ምርጫ ላይ። አለቃ ኦርደር ያደርጋል፣ ሠራተኛ ሪክዌስት ያደርጋል፣ መብቱ የተነካ ዲማንድ ያደርጋል፣ መውጫ ያጣ ቤግ ያደርጋል። ኢምፕሎር የሚባለው፣ የእኛው ተማጸነ መሆኑ ነው፣ ከላቲን የመጣ ነው፣ ውስጡ ማልቀስ የሚል ቃል አለበት። ይህን ሁሉ በ«ጠየቀ» ከጠቀለላችሁት ክብሩን ከነጭራው ቆርጣችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ደግሞ የእኛ ትዕዛዝ ሁሉ ትዕዛዝ አይደለም። ሰው ቤት ገብታችሁ «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ እንጂ፣ በሞቴ ይህቺን ብቻ» ስትባሉ ስንት ትዕዛዝ ተቆጠረባችሁ? ማንም ግን ታዘዝኩ ብሎ አይቀየምም፣ ይልቅ ካልታዘዘ ነው ኩርፊያው የሚመጣው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ እንዳለ ብትገለብጡት እንግዳው ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል። «ፕሊስ» ብንጨምርበት ይለሰልሳል እንላለን። ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግን ፕሊስ የተለጠፈበት ትዕዛዝ ያው ትዕዛዝ ነው።

ማዘዝ የሚለውን ደግሞ እዩት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ስትሉ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። የአሳ ጥብስ ታዛላችሁ። አሳው አልስማማ ካላችሁ ሐኪም መድኃኒት ያዝላችኋል፣ ማዘዣውን ይዛችሁ ፋርማሲ ትሄዳላችሁ። የጦር አዛዥም ያዛል፣ አሥርቱ ትዕዛዛትም ከዚያው ናቸው። በእንግሊዝኛ አሳው ኦርደር ነው፣ መድኃኒቱ ፕሪስክራይብ ነው፣ የጦር አዛዡ ኮማንድ ነው። አስተናጋጁን «አሳ ኮማንድ አደርግሃለሁ» ያለ ሰው፣ አስተናጋጁ የወታደር ሰላምታ ሰጥቶት ቢሄድ አይፍረድበት።

መጥራት ላይ ደግሞ እኔው ራሴ ለጥቂት ተርፌያለሁ። አንድ ደንበኛ የሠርግ ካርድ በሁለት ቋንቋ አዘዘኝ፣ አብረውት ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች። እንግሊዝኛውን ራሱ ነው ያመጣው። «ዩ አር ሳመንድ» ይላል። 150 ካርድ! ማሽኑ ሊነሳ ሲል ዓይኔ አረፈበት። ሳመን እኮ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፣ ወይ አለቃ «ቢሮዬ ድረስ» ሲል ነው። ምስክር ቢሆን ደግሞ ሰፒና የሚባል አለ፣ ላቲኑ «በቅጣት ሥር» ማለት ነው፣ ካልመጣህ ወዮልህ ዓይነት። ሠርግ ኢንቫይት ነው። እርግጥ የእኛ አገር የሠርግ ጥሪም ስትቀር የሚያስከፍለው አለ፣ እሱን ሌላ ቀን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ተማሪ የሚወድቅበት ነው። አስክ ካላችሁ በኋላ ሰውየውን አስከትላችሁ «እንዲመጣ» ማለት ይቻላል። ኦርደርም እንደዚያው። ዲማንድ ግን ሰው አያስከትልም። ሰውን ዲማንድ አይደረግም፣ ከሰው ላይ ነገር ነው ዲማንድ የሚደረገው። ዝርዝራችሁ ላይ ይህ ቢኖር አንድ መስመር ነው የሚወስደው።

የዚህን ዓይነት ዝርዝር በትልቁ ያሳተመው ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ በ1852፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። እሱ እንኳ ማዘዝን ለብቻው፣ መለመንና መጠየቅን ለብቻው ነው ያስቀመጠው። እናንተ ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ከተታችሁት። የምለው፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን «ማን ለማን» የሚል ትንሽ ቦታ ተውለት። ዲማንድ፣ ባለመብት ለባለዕዳ። ሪክዌስት፣ ባለጉዳይ ለቢሮ። ሳመን፣ ዳኛ ለተከሳሽ። በቃ። ቦታ ከጠበበ የቃሉን ብዛት ቀንሱት፣ ሃያ ከሚሆን ስድስት ይሁን።

ልጅቷና እኔ ሌላ ማመልከቻ አብረን ጻፍን፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ናሙና እንዲሆናት። «ኩድ አይ ፕሊስ ሃቭ» ብዬ ጀመርኩላት። አነበበችውና ሳቀች። «ጋሼ፣ እችል ይሆን ብዬ ራሴን ነው እንዴ የምጠይቀው? ሰውዬው መቼ ተጠየቀ?» አለች። እውነቷን ነው፣ በአማርኛ ጆሮ እንደዚያ ነው የሚሰማው። እኛ «ፈቃድ እንዲሰጠኝ በማክበር አመለክታለሁ» ስንል እዚያ አንድ ሙሉ ሰው ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ይታያል። የእነሱ ትህትና ግን ጥያቄውን ጥያቄ እንዳይመስል ማድረግ ነው። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የዘጋሁት «ዓምዱ እንዲስተካከል በጥብቅ አሳስባለሁ» ብዬ ነበር፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለመደብኝ ነው። ደግሜ ሳነበው እናንተን የማሳስብ እኔ ማን ነኝ አልኩና ሰረዝኩት። እማጸናለሁ ልል አሰብኩ፣ እሱ ደግሞ ለአንድ ዓምድ በዛ። እጠይቃለሁ። አስክ የሚለውን ማለቴ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሠሪው፣ ከሐዋሳ