ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ

የተወደድሽ ልጄ፣

የትልቁ አንጀትሽ ቁስለት መድኃኒት እንቢ ብሎ ቀዶ ሕክምና እንደ ተወሰነልሽ የጻፍሽውን እናትሽ ካነበበችልኝ በኋላ ለብቻዬ ደግሜ አነበብሁት። ትልቁ አንጀት ወጥቶ፣ ከትንሹ አንጀት ጫፍ ከረጢት ተሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር እንደሚገናኝ ነግረውሻል፤ በምን መንገድ እንደሚያገናኙት ግን አልጻፍሽልኝም። ይህን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ።

አጎትሽን ታስታውሺዋለሽ። ፓርክስና ኒኮልስ የሚባሉ ሐኪሞች ይህን ቀዶ ሕክምና ለንደን በ1978 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውጭ አገር ተሠርቶለት ተመለሰ። ያን ጊዜ የፊንጢጣውን ውስጠኛ ሽፋን ልጠው አውጥተው ከረጢቱን በእጅ ይሰፉ ነበር፤ ለዚህም ፊንጢጣውን በመሣሪያ ለረጅም ጊዜ ከፍተው ስለሚይዙት፣ ተኝተን ሳናዝዘው የሚጠብቅልን ውስጠኛው ጡንቻ ይላላል። አጎትሽ ቀን ደኅና ነበር፤ ሌሊት ግን ሰገራ ያመልጠው ነበር። ለፋሲካ መጥቶ ሳያድር ሲነሣ «ቤቴን ንቀህ ነው» ብዬ በሰው ፊት ተቆጣሁት። እውነቱን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ፣ ከፍራሹ ላይ ላስቲኩን ሳነሣ ነው። 30 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ የስንቱን በሽተኛ ሌሊት ጠይቄአለሁ፤ የወንድሜን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ሐኪምሽን፣ ከረጢቱ የሚገናኘው በስቴፕለር፣ ማለትም በስፌት መሣሪያ ነው ወይስ በእጅ በይው። በስቴፕለር ሲሆን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነባሩ ሽፋን ይቀራል፤ ጋዝን ከፈሳሽ የሚለየው ስሜት በዚያ አካባቢ ነው፣ ጡንቻውም ያን ያህል አይለጠጥም። በ2006 እ.ኤ.አ. ከ4000 በላይ ሕሙማንን የያዙ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ፣ ሌሊት ማምለጡ በእጅ በተሰፋላቸው ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ሆኖም የቀረው ሽፋን ሊቆጣ ስለሚችል በየጊዜው በካሜራ መታየት ይኖርበታል፤ ከአንጀትሽ ታችኛው ክፍል የተወሰደው ናሙና ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ካሳየ ደግሞ ሽፋኑን ማውጣት ሊመረጥ ይችላል። የናሙናውን ውጤት ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ፤ የኔ ልጅ፣ አፍረሽም እንዳትፈርሚ።

ለቆዳሽ የዚንክ ቅባት ከአሁኑ ግዢ። ማታ አምሽተሽ አትብዪ። ሚጥሚጣውን ሆድሽ እስኪረጋ አንልክም። ካገገምሽ በኋላም በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ መውጣት የተለመደ ነውና አትደንግጪ፤ ሌሊት ካመለጠሽ ግን ለሐኪሙ ንገሪው፣ ለእኔም ደውዪልኝ።

ስትመጪ የምታድሪው ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። የፍራሹን ላስቲክ ራሴ ገዝቼ አንጥፌዋለሁ።

አባትሽ