ከቀፎ እስከ በርበሬ ተራ፦ የአይሲቲ ክበብ ዘንድሮ

የአይሲቲ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጌም የሚጫወት ልጅ ነው። ባልደረቦቼም በሻይ ሰዓት ይቀልዱብኛል። ግድ የለም፣ ዘንድሮ የሠራነው ይነበብልኝ።

በኅዳር ወር 34 ልጆች ሆነን ጀመርን። ረቡዕ ረቡዕ ተሰበሰብን፣ ታይፕ ተለማመድን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን። ይኸው ነው። አንዱ ረቡዕ ግን ክርክር ነበረን፤ «ስልክ ድሃውን ከድህነት ያወጣዋል ወይስ ካርድ ያስጨርሰዋል?» ያወጣዋል ያሉት ኬንያን ጠሩ። በስልክ ብር መላላኪያው ኤም-ፔሳ እዚያ በ2007 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወደ 194,000 ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምቷል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም በሴት የሚመሩት ናቸው። ተቃዋሚዎቹ «እዚያ ኔትወርክ አለ!» ብለው አሸነፉ።

ነገሩ ከነከነኝ። በጥር አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጣሁ፣ በርበሬ ተራ። ኢንተርኔት አላስፈለገንም። የእኛው የስልክ ገንዘብ ቴሌብር በ*127# በማንኛውም ቀፎ ይሠራል። የገበሬዎቹ የምክር መስመር 8028ም በነጻ፣ በአማርኛ ያናግራል። አንድ አባት «ቀፎዎን ያሳዩን» ስንላቸው «ንቡን ሳትፈሩ?» ብለው አሳቁን።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። በስብሰባ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። በርበሬ የሸጡ እናት ዘንድ አንድ ገዢ የራሱን ስልክ እያሳየ «ይኸው ልኬያለሁ» ይላል። ልጅቱ ጠጋ አለች። «እማማ፣ የእሱን አይዩ፣ የራስዎን ይዩ። ከ127 መልእክት ካልመጣ ብሩ አልገባም።» አልመጣም ነበር። ሰውዬው «ኔትወርክ ነው» አለ። «እንግዲያስ እስኪመጣ በርበሬው ይቆያል» አለችው። ትንሽ አጉረመረመና ከኪሱ ቆጥሮ ከፈለ። እማማ ማንበብ አይችሉም። እስክሪብቶዋን አውጥታ ጆንያቸው ላይ 127 ብላ ጻፈችላቸው፣ መልኩን እንዲይዙት። እኔ ወደ ሌላ ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

የጎደለውንም ልናገር። ከ12 ኮምፒውተሮቻችን የሚነሱት 4 ናቸው፣ እነሱም መብራት ሲኖር። ሁለተኛው ጉዞ በትራንስፖርት ብር ቀረ። የኳስ ቡድኑ አዲስ ማሊያ ለብሷል፣ አልቀናሁም።

ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ በየመሳቢያችሁ የተኛ አሮጌ ቀፎ ካለ ላኩልን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ችግር የለም፣ ቁልፉ ብቻ ይሥራ።