ክቡር ዲን፣ የተማሪው ነጥብ የተቀነሰው በምን ጥፋቱ ነው?

በዚህ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እርስዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉ አራተኛውን በአደባባይ ጻፍነው። የኮሌጁን ስም አንጠራም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞት ዋርድ የተኛ ጎልማሳ ነበር። የወባ ምርመራው ነጌቲቭ፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ዝቅ ብሎ 62,000። የሐኪሙ ማዘዣ (ኦርደሩ) ላይ ዲክሎፈናክ የተባለው ማስታገሻ 75 ሚሊግራም በጡንቻ በሚወጋ መርፌ፣ በቀን ሁለቴ ተጽፏል። የክሊኒካል ፋርማሲ ተማሪው በጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት) ላይ «ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት) አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ዲክሎፈናኩ ቢቆም፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ቢሆን» አለ። «አንተ ሂድና ክኒንህን ቁጠር» ተባለ፤ ከራውንዱም እንዲወጣ ተደረገ። በዋርድ ልምምዱ መጨረሻ «ሥነ ምግባር» ከሚለው 10 ነጥብ 2 ተሰጠው። ዲክሎፈናኩን ግን ማታ ቻርቱን ያዩት ሲኒየር ሐኪም አስቁመውታል። ክኒን ቆጣሪው ልክ ነበር ማለት ነው።

ዴንጊ ፕሌትሌት ያወርዳል። ዲክሎፈናክ የቀረውን ፕሌትሌት ሥራ ያስፈታል፣ የጨጓራን ግድግዳም ይልጣል፤ መርፌው ራሱ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያቋጥር ይችላል። ይህ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ከተማዋን አልጋ ላይ አውለዋታል። ውሃ በበርሜል በሚጠራቀምበት ከተማ ትንኟ የትም አትሄድም።

የዚያን ቀን ሌሎቹስ ተማሪዎች? የላብራቶሪው ተማሪ 62,000ን አይቷል፤ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተተው እንጂ ለዋርዱ አልደወለም። የነርሲንጓ ተማሪ የታካሚው ድድ መድማቱን በመከታተያ ቅጹ ላይ ጽፋለች፤ ቅጹን ራውንድ ላይ የሚያነብ የለም። መርፌውንም «ታዟል» ብላ ወጋች። ኢንተርኑ (ተለማማጅ ሐኪሙ) የያዘው የትናንቱን ውጤት ነበር። ሁሉም የየድርሻውን አደረገ፣ ሁሉም ሎግ ቡኩን (የልምምድ መዝገቡን) አስፈረመ።

ተማሪዎቻችን ከሌላ ሙያ ጋር ለመሥራት ያላቸው አመለካከት ጥሩ ነው ይሉን ይሆናል። መጠይቅ አስሞልተዋላ! ያንን 19 ጥያቄ ያለውን። ቬንትሌተር በሚሽከረከርበት አዳራሽ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ማክበብ ዋጋ አያስከፍልም። ዋርድ ውስጥ አፍ መክፈት ግን፣ እንዳየነው፣ 8 ነጥብ ያስከፍላል። ይህን ያዩ ተማሪዎች ትምህርቱን ወዲያው ቀስመዋል፤ ከዚያ ሳምንት ወዲህ የፋርማሲ ተማሪዎች ራውንድ ላይ ከኋላ ቆመው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። አንፈርድባቸውም።

ፕሮግራሙንም ያወጣው የእርስዎ ቢሮ ነው። የሐኪሞቹ ራውንድ 2 ሰዓት ላይ፣ የነርሲንግ ተማሪዎች ርክክብም 2 ሰዓት ላይ። የላብራቶሪ ተማሪዎች ዋርድ የሚባል ነገር ሳያዩ ይመረቃሉ። የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን አንድ ላይ ማሠልጠን በዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳይመስልዎት፤ ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን ለአንድ ቡድን ስታሰለጥን ነበር። ዛሬ ያ ልማድ የመመረቂያው ዓመት ላይ ወደ ጤና ጣቢያ በሚወጡባት የቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ቆይታ ብቻ ተወስኗል። እዚያ አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ድስት ጥደው ይግባባሉ፤ ግን እስከዚያ ለዓመታት መናናቅን ሲማሩ ከርመዋል።

በሳምንት አንድ ቀን አራቱም ሙያ በአንድ ቻርት ላይ ራውንድ ያድርጉ፤ የተማሪውን ሥነ ምግባር ከሚሞሉት አንዱ የሌላ ሙያ አስተማሪ ይሁን። በጀት አይጠይቅም።

የተማሪው ውጤት ገና ሬጅስትራር አልደረሰም። የማስተካከያ ቅጹ ተሞልቶ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሦስቱ ደብዳቤዎች ጋር ተቀምጧል። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው።

ተማሪ በዋርድ የምናስተምር ባለሙያዎች፣ ድሬዳዋ