ፋኑ አንዴ ዞር ብሎ ለሚቆመው ኮምፒውተርህ

ወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስንገናኝ ካሳውን እከፍላለሁ። ለአሁኑ የጠየቅከኝን ልመልስ። «ቁልፉን ስጫነው ፋኑ አንዴ ዞር ይልና ቀጥ ይላል» ያልከው ነገር ብዙ ይናገራል።

ጨርሶ ትንፍሽ የማይል ቢሆን ከግድግዳው ሶኬት፣ ከማካፈያውና ከኬብሉ ጀምር እልህ ነበር። ፋኑ ነቅነቅ ካለ ግን መብራት ደርሶታል፣ ቁልፉም ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሊነሳ ሞክሮ የሆነ ቦታ ሾርት (የተነካካ መስመር) ሲያገኝ ወይም አቅም ሲያንሰው ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ስለዚህ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ቦርድ) ተቃጥሏል» ያለህን ሰው ገና አትመነው። ሳይለካ እንዲህ የሚል ብዙ ነው።

ኬብሉን ከጀርባው ንቀልና የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ኬዙን ከፍተህ ዕቃ ከመንካትህ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረቱን ንካ፤ በሰውነትህ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ራሙን፣ ማለትም የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ሊገድል ይችላል። አቧራውን ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው።

ከዚያ ማሽኑን አራቁተው። ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲውን፣ የፊት ዩኤስቢ ኬብሎችን፣ ኪቦርድና ማውሱን፣ ቦርዱ የራሱ የስክሪን መውጫ ካለው ግራፊክስ ካርዱንም ንቀል። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ቦርዱ የሚገባው ሰፊው ባለ 24 ፒን መሰኪያ፣ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 4 ፒን፣ የፕሮሰሰሩ ፋንና አንድ ራም ብቻ ይቅሩ። ያቺን ባለ 4 ፒን ብዙ ሰው መመለስ ይረሳል፤ ያለሷ ፋኑ ቢዞርም ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ተራቁቶ ከተነሳ የነቀልከውን አንድ በአንድ መልስ፤ ሲመለስ የሚያጠፋው እሱ ነው በሽተኛው። በየመሃሉ ኬብሉን መንቀል እንዳትረሳ። ፍላሽ በጉልበት የተሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጡ ታጥፎ ሙሉ ማሽን ያስቆማል፤ በባትሪ እያበራህ እየው።

አሁንም እምቢ ካለ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ፈትሽ። ኬብሉ እንደተነቀለ ባለ 24 ፒኑን ከቦርዱ አውጣና አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ አገናኝ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክተህበት ጭነት ይሁነው። ከዚያ የመብራቱን ኬብል ሰካ። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያው) ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ማሳየት አለበት። ሐምራዊው ግን ክሊፑ ሳይገባም፣ ኬብሉ እንደተሰካ 5 ቮልት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ለመደበኛው ባለ 24 ፒን ነው፤ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት የራሳቸው ባለ 8 ፒን ስላላቸው እዚያ ላይ ክሊፕ አታስገባ። ፓወር ሰፕላዩንም በምንም ምክንያት አትክፈት። ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ የሚይዝ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለበት።

አዲስ ብትለውጥ፣ በተለይ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ ከጀርባው ያለችውን ቀይ ማብሪያ መሳይ እያት። 115 ላይ ሆና በኛ 220 ቮልት ከተሰካች ወዲያው ይፈነዳል፤ 230 ላይ አድርጋት።

ፓወሩ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ወደ ማዘርቦርዱ ሂድ። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙት ጣሳ መሳይ ካፓሲተሮች ራሳቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቦርዶች በዚህ በሽታ ይታወቃሉ። የሚተካው በማይክሮፋራድ (በላዩ በተጻፈው µF) እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። በካፓሲተሩ ገላ ላይ መስመር ያለበት ወገን ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ጥረግና ፍርፋሪውን አራግፍ። በቦርዱ ላይ ያለው ሳንቲም መሳይ ሲአር2032 ባትሪ ሲደክም ሰዓትና ሴቲንግ ያስረሳል እንጂ የፋኑ መቆም ከሱ አይመስለኝም፤ ቢሆንም 10 ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ወጪ የለውም።

እስከዚያ ምንም ዕቃ አትግዛ። የቢጫውን ሽቦ ቁጥር ለክተህ ጻፍልኝ፣ የካፓሲተሮቹንም ፎቶ ላክ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወዳጅህ