መጠይቁን ፈርመናል፣ ፋይሉ የታለ?

ይድረስ በባሕር ዳር ከተማ ለአንድ የመሬት ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ስምዎንም ቢሮዎንም አልጠራም። ማንን እንደምል ያውቁታል። በማመልከቻ ጠይቄያለሁ። ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ቀርቤያለሁ። ስልክ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለውኛል። እንግዲህ በአደባባይ ልጻፍልዎ፤ ምናልባት ስብሰባው ሰልችቶዎት ስልክዎን ሲነካኩ ያነቡት ይሆናል።

ሥራዬን ያውቁታል። ቤት ሠርቶ ለማከራየት፣ ገስት ሃውስ ለመክፈት፣ ሱቅ ለመገንባት ለሚያስብ ሰው የአዋጭነት ጥናት እሠራለሁ። ስንት ይፈጃል፣ በስንት ይከራያል፣ ብድሩ መቼ ይመለሳል፤ ውሎዬ ይኸው ነው። ከደንበኞቼ አንዷ ዓባይ ማዶ የሚኖሩ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ቦታው ነባር ይዞታ ነው። ከግቢው ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ቤት ሠርተው ማከራየት ነበር ሐሳባቸው። ለባለሀብት ቀልድ ነው፣ ለእሳቸው ግን ጡረታቸው ነው። ጥናቱ አለቀ፣ ባንኩም ተስማማ። የቀረው ቦታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የምትገልጹበት አንድ ደብዳቤ ነበር።

ፋይሉ የለም ተባለ።

«ወደ ሲስተም ስናስገባ ነው መሰለኝ የጠፋው» አለን አንዱ ሠራተኛ፣ ቀና ብሎ ሳያየን። ሌላው ባሰ። «እማማ፣ መጀመሪያውኑ ፋይል እንደነበረዎት እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ምንም አልመለሱም። ከነጠላቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡና በላስቲክ ያሰሩትን የየዓመቱን የግብር ደረሰኝ መስኮቱ ላይ ዘረገፉት። ከማርጀቱ ብዛት እጥፋቱ ላይ የተቀደደም አለበት። ግብሩን ስትቀበሉ ቦታው የማን እንደሆነ ጠፍቷችሁ አያውቅም እኮ!

ይሄኔ ነው ያ ወረቀት የመጣው። አናቱ ላይ «የተገልጋይ እርካታ መጠይቅ» ይላል። ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «ምንም አልረካሁም» ድረስ ሳጥን ተደርድሮበታል። የእትዬ ወረቀት ላይ ግን «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው፣ ከላይ እስከ ታች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ አስቀድሞ ራይት ተደርጎበታል። የጎደለው ፊርማ ብቻ። «ይፈርሙና ቀጠሮ እንሰጥዎታለን» ተባሉ። ፈረሙ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ምን ያድርጉ?

ክቡር ኃላፊ፣ ጥናት እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ አውቃለሁ። መልሱ ተሞልቶ የሚመጣ መጠይቅ ምን እንደሚባል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ያንን ሰብስባችሁ፣ በመቶኛ አስልታችሁ፣ በግራፍ አሳምራችሁ ለበላይ አካል እንደምታቀርቡት ግን አልጠራጠርም። እትዬም እዚያ ግራፍ ውስጥ አሉ፤ ፋይላቸው ጠፍቶ፣ በጣም ረክተው።

እናንተ ዘንድ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ምንም አያስወጣም። ውጭ ግን ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው፤ ቢሆንም እንደ እትዬ ያለ ትንሽ ተበዳሪ አንዴ የጸደቀለት ብድር ካመለጠው መልሶ የሚያገኘው በስንት ደጅ ጥናት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ብረቱና ቆርቆሮው የት እንደደረሰ፣ ቤት አስጀምረው ከሆነ እርስዎም ያውቁታል። ጥናቱ ላይ ያሰፈርኩት ዋጋ እናንተ ፋይል ስትፈልጉ አረጀ። ባንኩም የጊዜ ገደቡ አልፏል አለ። አሁን ግምቱም ጥናቱም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። እኔ ሁለተኛ አላስከፍላቸውም፤ ገማቹ ግን ለእናንተ ጥፋት ብሎ በነፃ አይሠራም።

ስለ ሊዝ መነሻ ዋጋም ጠይቄዎት ነበር። ለሌሎች ደንበኞቼ ያስፈልገኛል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የመነሻ ዋጋው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል። ይህን ላስተምርዎት አይደለም፤ አዋጁ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። በዚያው አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ ቦታ የሚፈረመው እስከ 70 ዓመት ነው። ለ70 ዓመት የሚፈርም ሰው መነሻ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ «ጥናት ላይ ነው» ይባላል? ሰዉም ወደ ደላላ ይሄዳል። ደላላው ዋጋውን ያውቃል። ከማን እንደሰማው አልጠይቅም።

በ2017 ደግሞ የውጭ ዜጋ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ይዞ ከመጣ ቤት እንዲኖረው የሚፈቅድ አዋጅ ወጥቷል። እሰየው። ያ ሰውዬ ዶላሩን ይዞ እናንተ መስኮት ላይ ሲቆም ግን አጠገቡ ብሆን ደስ ይለኛል። እሱንም «ፋይል እንደነበረህ እርግጠኛ ነህ?» ትሉት እንደሆነ ለመስማት።

ሠራተኞቻችሁን በሙሉ አልወቅስም። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ያን ሁሉ ባለጉዳይ በአንድ ኮምፒውተር ነው የምታስተናግደው። ሲስተም ሲቋረጥ ስድቡን የምትጠጣው እሷ ናት፤ እርስዎ ቢሮ ድረስ የሚዘልቅ ስድብ የለም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኪኒን ስትውጥ አገኘኋትና ምነው አልኳት። «ግፊት ነው፣ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ነው የጀመረኝ» አለችኝ። ገና ልጅ እኮ ናት። ለዚህ ያመጣችሁት መፍትሔ ምን ነበር? ሥልጠና! በሩ ተዘግቶ «ሠራተኞች የሥራ ጫናን ስለመቋቋም ሥልጠና ላይ ስለሆኑ በዛሬው ዕለት አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘን፣ ከጎኑ ደግሞ የትኛው ጉዳይ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የሚዘረዝረው የዜጎች ቻርተር በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ሥልጠናው ጣና ዳር፣ ሆቴል ውስጥ ነው አሉ። ይመቻችሁ። በማግስቱ ግን የዕለቱም የትናንቱም ባለጉዳይ አንድ ላይ መጣባት። ኮምፒውተርና አንድ ሰው ጨምሩላት እንጂ፣ ምን ትሠለጥናለች?

ከተማዋ እኮ አምራለች። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ እትዬን በባጃጅ ይዤ በላዩ ሳልፍ እሳቸውም ወንዙን እያዩ ይመርቃሉ። ምርቃቱ የሚያልቀው እናንተ በር ላይ ስንደርስ ነው።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ፋይሉ ይፈለግ። ከጠፋም «ጠፍቷል» ተብሎ በማኅተም ይጻፍላቸውና እጃቸው ላይ ባለው የካርታ ኮፒና ደረሰኝ ምትክ ይሠራ። እትዬ የፈረሙባት መጠይቅም ከሪፖርታችሁ ትውጣ፣ ሐቁ እሱ ስላልሆነ።

«ሲገኝ ደውለን እንጠራዎታለን» ብላችኋቸው ነበር። እስካሁን የደወለ የለም። ስልክ ቁጥራቸው ማመልከቻው ላይ አለ። ማመልከቻው የት እንደተቀመጠ ብጠይቅ ደግሞ ፋይላቸው ውስጥ ተያይዟል ተባልኩ።