ስዕሉን ከማረማችሁ በፊት ጠይቋቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ልጆች ተረት ገብቷቸው እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ፈተና ከሚያወጣ ወረቀትና እርሳስ ቢሰጣቸው ይሻለዋል። ለሰፈራችን ልጆች፣ ሐይቅ የሚባለው የወሎ ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያወራውን ተረት ነገርኳቸው፤ ያው እኛ ወሎዎች የምናውቀውን፣ ልዕልቲቱ ነፍሰ ጡሯን ሴት በድላ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት በቀር ዙሪያውን ውሃ ያደረገበትን። ከዚያ ሳሉ አልኳቸው።

አንዷ ውሃውን ከሰማይ አላወረደችውም። ከልዕልቲቱ ቤት ወለል ስር አፈለቀችው። "ጥፋቱ ያለው እዚያ ነዋ!" አለችኝ። ሌላው ሴትዮዋ ያለችበትን ቦታ ከየብስ ጋር አገናኘው። ተረቱ ደሴት ነው ይላል፤ እሱ ግን እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን በዓይኑ አይቶታል፣ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። ዳገቱን ደግሞ ሁሉም በባሕር ዛፍ ሞልተውታል። በምኒልክ ዘመን የመጣ ዛፍ መሆኑን ማን ነግሯቸው! ጽድ ወይም ወይራ የሳለ አንድም የለም፤ እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

አንዳንድ መምህር ይህን ሁሉ "ስህተት" ብሎ በቀይ ያሰምርበታል። ኧረ መጀመሪያ ለምን እንደሳሉት ይጠየቁ! እናንተም የልጆች ስዕል ስታወጡ፣ ልጁ ስለ ስዕሉ ያለውን ከስሩ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ