ቫይታሚኑን ያልላክሁልሽ ለዚህ ነው

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የእግርሽ ቁስልስ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ቫይታሚን ኢ የደም ሥር ያድሳል አሉ፣ ላክልኝ» ብለሽኝ እሺ ብዬሽ ነበር። አልላክሁም። ረስቶት ነው እንዳትዪ። በስልክ ላስረዳሽ ስሞክር መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረን፤ ይኸው ጻፍኩት፣ እህቴ ታንብብልሽ።

ሥራህ ምንድን ነው ስትዪኝ ሁሌም «ላብራቶሪ» ብዬ ነው የማልፈው። የምሠራው በእትብት ነው። አንቺ የእኔን ከጓሮው ኮባ ሥር ቀብረሽዋል፤ እዚህ እናቶች ፈቅደው ሲሰጡ ከማዋለጃ ክፍል ወደ እኛ ይመጣል። በውስጡ የሚያልፈውን የደም ሥር እናጥበዋለን፣ ልክ አንቺ ለፋሲካ የበግ አንጀት ውኃ እያስገባሽ እንደምታጥቢው። ከዚያ ሴሎቹን ከግድግዳው የሚያላቅቅ ኢንዛይም እንሞላበትና ጥቂት ቆይተን እናፈሰዋለን። ኒው ዮርክ ውስጥ እነ ኤሪክ ጃፌ በፈረንጅ 1973 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ሴሎቹ በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ሳህን ላይ ተጣብቀው ይባዛሉ። ሳህኑን ሞልተው ሲጠጋጉ በማይክሮስኮፕ ብታዪያቸው በራችን ላይ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ቁርጥ ናቸው። ፈረንጆቹም ኮብልስቶን ነው የሚሏቸው።

የደም ሥሮቻችንን ሁሉ ከውስጥ የሸፈነው ይህ የአንድ ሴል ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ዝም ብሎ የተቀባ ቀለም አይደለም። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ የደም ሥሩ ዘና እንዲል ያደርጋል፤ የጋዙን ሥራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በፈረንጅ 1998 ኖቤል ተሸልመውበታል።

ወደ ቫይታሚንሽ ልምጣ። ሴል ምግቡን በኦክሲጅን ሲያቃጥል ፍንጣሪ ያመልጠዋል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚነካካ የኦክሲጅን ዓይነት ነው። ሰውነት ማጥፊያ አለው፤ ቫይታሚን ኢም ከማጥፊያዎቹ አንዱ ነው። ፍንጣሪው ከማጥፊያው ሲበልጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ፍንጣሪውም ይበዛል፣ ያንን ናይትሪክ ኦክሳይድ አግኝቶ ያበላሸዋል። ስኳር በበዛበት ፈሳሽ የሚያድጉት ሴሎቼም ሲባዙ ቀርፋፋ ናቸው።

«ታዲያ ፍንጣሪው ይጥፋልኛ!» ትይኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከፍንጣሪዎቹ አንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ያ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው (አንቺ እንዳታፈሺው!)። ከእሱ እጅግ ጥቂት ሲደርሳቸው ሴሎቹ ይባዛሉ፤ የማደግ ትእዛዝ በከፊል የሚተላለፈው በእሱ ነውና። ትንሽ ሲያልፍ መባዛት ያቆማሉ። አይሞቱም፤ ሰፍተውና ተለጥጠው፣ ጎረቤቶቻቸውን የሚያስቆጣ ነገር እየረጩ ይቀመጣሉ። ያረጁ ሴሎች ነው ስማቸው፣ አንቺን አላልኩም። ከዚያም ሲያልፍ ያልቃሉ። ምጣድ በይው፤ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከመጠን በላይ ሲግል ያራል።

ክኒኑ በሰው ላይም ተሞክሯል። ካናዳ ካለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተመራ፣ ሆፕ የተባለ ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎችን ከአራት ዓመት በላይ ተከታትሏል፤ ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት እንዳንቺ ስኳር ያለባቸው ናቸው። ግማሾቹ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይወስዱ ነበር። በፈረንጅ 2000 ውጤቱ ሲወጣ በድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ በስትሮክ ካልወሰዱት የተሻለ ነገር አላገኙም።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያው አንዱ ስኳር እግር ላይ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ይከለክላል፤ ቁስል ለመዳን የሚዘገየው በከፊል ለዚህ ነው። ዓይን ውስጥ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ሲደፈኑ ኦክሲጅን የጠማው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን) «ብቀሉልኝ» እያለ ይጣራል። የሚበቅሉትም ልል ናቸው፣ እየደሙ ብርሃን ይጋርዳሉ። በተፈለገበት እምቢ፣ ባልተፈለገበት እንደ አረም! እና የደም ሥር የሚያሳድግ ክኒን ነው ብለው ቢሸጡልሽስ፣ የትኛውን ነው የሚያሳድገው?

ለቫይታሚኑ ያሰብኩትን ብር ለእህቴ ልኬያለሁ፤ ለስኳር መለኪያሽ ወረቀቱን ትግዛልሽ። የስኳር መድኃኒትሽን ሜትፎርሚኑን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ አትዝለይ። ዓይንሽን ከታየሽ ዓመት አልፎሻል። ከሰሉ አጠገብም እግርሽን አትዘርጊ፣ ቢያቃጥልሽ አይሰማሽም።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላካችሁትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቁስሉ ውስጥ ቀይ፣ ጥቃቅን እህል የመሰለ ሥጋ ጀምሮታል መሰለኝ። ቅላቱ አዲስ የበቀሉ የደም ሥሮች ናቸው፣ እኔ እዚህ ሳህን ላይ የማያቸው ዓይነት። ነርሷ ስታጥበው እንዳይፋቅ ንገሪያት። በዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ግን እኔን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ። እሁድ ሌላ ፎቶ ላኩልኝ፣ በቀን ብርሃን ይነሳ።

ልጅሽ